የአባ ኮዳዎቹ ቡድንና የእኔ ስለት

ባለፈው ቅዳሜ ፀጉሬን ልስተካከል የእኛ ሰው ሱቅና ምግብ ቤት ወደሞላበት ወደ ፌርፋክስ መንገድ ሄጄ፣ ፀጉር ቤቱ በር ላይ አንድ ወጣት ቆሞ አየሁ። ያቆመኝ የለበሰው ጃኬት ነው። ብርቱካንማ ሆኖ እጅጌው ግራጫ፣ ደረቱ ላይ ደግሞ አንገቱን የሰገገ፣ ምንቃሩ እንደ አካፋ የሰፋ ወፍ። ወጣቱ የእኛ ሰው ነው፤ እዚህ ተወልዶ ማደጉ ግን ከሰላምታው ያስታውቃል። «ልጄ፣ ይሄን ከየት አገኘኸው?» አልኩት። «ከአሮጌ ልብስ ቤት ነው ጋሼ፣ ቪንቴጅ ነው። መቶ ሃያ ዶላር» አለኝ። የማን ቡድን እንደሆነ እያወቅሁ ጠየቅሁት። ትከሻውን ሰበቀ። «አላውቅም። የፈረሰ ቡድን ነው። ስለፈረሰ እኮ ነው የሚወደደው።» አስፈቅጄው የዚፑን ጠርዝ ገለጥ አድርጌ አየሁ። እንዲህ ያለ ጃኬት እኛም ቤት ነበር፤ ዚፑ ሲላቀቅ ባለቤቴ በጥቁር ክር ሰፍታው ነበር፤ ቤት የለወጥን ጊዜ ከሌላው ልብስ ጋር ለዕርዳታ ሰጠነው። ጥቁር ክር ፈለግሁ። አልነበረም። ወጣቱ ምን እንደምፈልግ ግራ ገባው። እውነቱን ለመናገር እኔም ብገኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር።

ስለፈረሰ ነው የሚወደደው! ያ ቡድን በቆመበት ዘመን ጃኬቱን ትኬት ለገዛ ሁሉ በነፃ ያድሉት ነበር፤ የሚወስደው ጠፍቶ ሳጥኑ ሜዳው በር ላይ ተከፍቶ ይውላል። ብዙም ሩቅ ዘመን አይደለም፤ ግን ሩቅ ሆኗል። ያኔ ፌርፋክስ ላይ በያይነቱ በአሥር ዶላር ትበላለህ፤ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ዛሬ በዚያ ገንዘብ ሰላጣው ብቻ ቢመጣልህ ነው። የዘፈን ሲዲ የሚሸጠው ሱቅ ገና አልተዘጋም፤ ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ ያንኑ አንድ ባቲ ቅኝት ከጠዋት እስከ ማታ ያስጮኸዋል። ሽማግሌዎቹ በነሐሴ ሙቀት የቆዳ ጃኬት ለብሰው ጥላ ሥር ይቆማሉ። ወጣቶቹ ሱሪያቸው ከመጥበቡ የተነሣ ሲቀመጡ ይቸገራሉ። እኛ ታክሲ ነጂዎች ግን እንለያለን፤ ኤርፖርት ለመሥራት ጥቁር ሱሪ፣ ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ጫማ ግዴታ ነበር። ስንሰባሰብ የቀብር አጃቢ እንመስላለን። ወዲያው ደግሞ በስልክ የሚጠራው መኪና መጣና ቀብሩ የእኛው መሆኑ ታወቀ።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ነኝ። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከመጽሐፍ ነው። ኤርፖርቱ ዳር፣ ዌስትቼስተር አጠገብ ባለው የታክሲ መጠበቂያ ግቢ፣ ሌሎቹ ካርታ ሲጫወቱ እኔ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ ዘርግቼ አነባለሁ። የመኪና ሞተር ከመጽሐፍ ተማርኩ፤ የግብር ሕግ ከመጽሐፍ ተማርኩ፤ ለልጄ ለናሆም የአሥረኛ ክፍል ኬሚስትሪ ያስጠናሁት እኔ ነኝ፤ በየምሽቱ አንድ ምዕራፍ እየቀደምኩት። ያልተማረ ሰው ጊዜውን በጨዋታ ሲያጠፋ ሳይ ያመኝ ነበር፤ ይህንንም በየሄድኩበት እናገር ስለነበር ግቢው ውስጥ ብዙ ወዳጅ አልነበረኝም። በላቸው ብቻ ነበር ከእኔ ጋር የሚውለው፤ እሱም ሊቀልድብኝ።

ናሆም ልጅነቱን በእኛ ኳስ ነው ያሳለፈው፤ እግሩ መድፍ ነበር። ኮሌጅ ሲገባ የአሜሪካኖቹ ኳስ አሠልጣኝ ሲመታ አይቶት ወሰደው። በእነርሱ ጨዋታ ሁሉም በእጁ ይዞ ሲሮጥና ሲጋጭ ውሎ፣ አንዳንዴ አንድ ሰው ብቻ ተጠርቶ ኳሱን በሁለት ረጃጅም ምሰሶዎች መካከል በእግሩ ያሳልፋል። ኪከር ይሉታል። ናሆም ያ ሰው ሆነ። ትምህርቱን እስካላስተጓጎለ ድረስ ዝም አልኩ። በጥሩ ውጤት ተመረቀ፤ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ተቀበለው። የተቀበሉበትን ደብዳቤ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ታክሲዬ ውስጥ ይዤው እዞር ነበር። መስከረም ሲገባ ትምህርቱን ይጀምራል ስል፣ አንድ ቀን እራት ላይ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣

«አባዬ፣ ኮንትራት ሳይን አድርጌያለሁ» አለኝ።

አዲስ ሊግ መቋቋሙን፣ ትልቁ ሊግ በሚያርፍበት ወራት እንደሚጫወቱ፣ የከተማችን ቡድን እንደመረጠው ነገረኝ። ኮንትራቱ የሦስት ዓመት ነው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ቦታውን የሚጠብቅለት ለአንድ ዓመት ብቻ ነው።

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ሶ፣ ከዚያ እናያለን።»

«እናያለን የሚባል ሙያ የለም» አልኩና ተነሣሁ። ከዚያ በኋላ ለወራት ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም። አባት ሲቆጣ ልጁ ይመለሳል ብዬ አምን ነበር። አንዳንዱ ልጅ ይመለሳል። የእኔው አልተመለሰም፤ ካልቨር ሲቲ ከጓደኞቹ ጋር አፓርትመንት ተከራይቶ ወጣ።

በታኅሣሥ ገብርኤል ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሲወጣ እኔ ቀረሁ። ለማንም፣ ለባለቤቴ ለእታገኝም ጭምር ሳልነግር ተሳልኩ። «ቅዱስ ገብርኤል፣ ልጄን ከዚህ ጨዋታ አውጣልኝ። ዓመት ሳይሞላው ካወጣህልኝ፣ ለሐምሌ በዓልህ ባለ ወርቅ ዘርፍ ጃንጥላ አስገባለሁ» አልኩ። እንዴት እንደሚያወጣው አልነገርኩትም። አካሉ ሳይጎዳ ብዬ ብቻ ጨመርኩ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ጨዋታው ሲጀመር ዐቢይ ጾምም ገባ። ጋዜጣ ጥግ ላይ የናሆም ስም ተጽፎ አየሁ፤ አልቆረጥኩትም፤ እታገኝ ግን ቆርጣ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው። በሦስተኛው ሳምንት ሰልችቷት ነው መሰለኝ፣ «አንተ ስትሞት ቆሞ የሚቀብርህ እሱ ነው። በሕይወት እያለህ አንድ ቅዳሜ ብትሰጠው ምን አለ?» አለችኝ። አጥፊን ሄዶ ማየት ማጽደቅ አይደለም ብዬ ራሴን አሳምኜ፣ በላቸውን ይዤ ሄድኩ። በላቸው ደረቴ ላይ የደረቡልኝን የነፃ ጃኬት አይቶ ወፉን በጣቱ መታ መታ አደረገው። «ይሄ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሚቆመው አባ ኮዳ ነው» አለ። ሌላው ፔሊካን ነው ይላል፣ ሌላው ሌላ፤ በእኛ ሰው ዘንድ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡድኑ አባ ኮዳዎቹ ተባለ። በር ላይ ጥበቃው የጾም ስንቄን ቆሎ አሽትቶ አሽትቶ ምን እንደሆነ ስላልገባው አሳለፈኝ።

እንግዲህ ግራ መጋባት የምለው እዚያ ጀመረ። ከቤተ መጻሕፍት የጨዋታውን ሕግ ተውሼ፣ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ አንብቤ ነበር የሄድኩት። ከመጽሐፍ ያልገባኝ የመጀመሪያው ነገር ያ ነው። ሰዓቱ አሥራ አምስት ደቂቃ ይላል፤ እኔ በእጄ ሰዓት ስይዘው አርባ ይሆናል። ሁሉም ይወድቃሉ፣ ፊሽካ ይነፋል፣ ተነሥተው ይመካከራሉ፣ እንደገና ይወድቃሉ። ሕዝቡ የሚጮኸው እኔ ምንም ባላየሁበት ሰዓት ነው። በላቸው ደግሞ ከእኔ ባልተሻለ እውቀት ያስረዳኛል። ናሆም በሦስት ሰዓት ውስጥ አራት ጊዜ ብቻ ገባ። አራት ጊዜ መትቶ ወጣ። የቀረውን ሰዓት ሁሉ መስመሩ ዳር ቆሞ፣ መለማመጃው መረብ ላይ አንዳንዴ እየመታ፣ ይጠብቃል።

ከጨዋታው በኋላ ናሆምን ከበላቸው ጋር ፌርፋክስ ወስጄ ሽሮ አበላሁት። ከተኮራረፍን በኋላ አብረን ስንበላ የመጀመሪያችን ነው። ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም።

«ለአራት ምት ነው እንግዲህ ፋርማሲውን የተውከው?»

እየጎረሰ፣ «ሥራዬ መጠበቅ ነው አባዬ» አለኝ።

«መጠበቅ ሥራ አይደለም።»

«አንተስ ኤርፖርት አራት ሰዓት ጠብቀህ ሃያ ደቂቃ አይደል ድራይቭ የምታደርገው?»

በላቸው ሳቁን በናፕኪን ያዘ። «ጋሼ፣ ይህቺን በመዝገበ ቃላት ፈልጋት» አለኝ። አልሳቅሁም፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩት። ስጠብቅ የኖርኩት ለእርሱ ነበር። እርሱ የሚጠብቀው ለምንድን ነው? አሁንም ጥያቄው ትክክል ይመስለኛል፤ መልሱን ግን አልጠየቅሁትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማንም ሳይለምነኝ ሄድኩ። በሚቀጥለውም። ጃኬቱንም መልበስ ጀመርኩ፤ ለብርድ ነው እያልኩ። ናሆም ሲመታ ኳሱን ተንበርክኮ፣ በአንድ ጣቱ አቁሞ የሚይዝለት ማርከስ የሚባል ሰው ነበር፤ ትከሻው በእኛ ቤት በር አይገባም። ቴክሳስ የዕቃ መጋዘን ውስጥ የነበረውን ሥራ ለቅቆ፣ ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ይዞ መጥቶ፣ ዌስትቼስተር ቡድኑ በያዘላቸው ሆቴል ውስጥ ይኖር ነበር። ናሆም ሲያስተዋውቀን ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ልጅህ መትቶ እስኪጨርስ ቀና አልልም፤ ድምፁን ሰምቼ አውቀዋለሁ» አለኝ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው በንግግሩ ይታወቃል። ወደድኩት።

አንድ ቅዳሜ ሊያልቅ ጥቂት ሴኮንዶች ሲቀሩ፣ አባ ኮዳዎቹ በአንድ ነጥብ ተመርተው ሳለ፣ ናሆም ተጠራ። ርቀቱ ከሜዳው ግማሽ በላይ ነው። ማርከስ ተንበረከከ። ኳሱ ሲነሣ ተጣመመ፤ ከዚያ ራሱን አቀናና በምሰሶዎቹ መካከል ገባ። ያ ብቻ ነው የገባኝ፤ ያ ግን በደንብ ገባኝ። ከአጠገቤ አንድ ድምፅ ወጣ። በላቸው ዞሮ ትክ ብሎ አየኝ።

«ወንድ ሲያሸበሽብ አይቻለሁ» አለኝ። «እልል ሲል ግን ዛሬ ገና ነው።»

የእኔ ድምፅ ነበር። ስለቱን ረስቼው ነበር ብል ውሸት ነው። አስታወስኩት፤ እዚያው ቆሜ በልቤ፣ «ገብርኤል፣ ቆይ እስቲ» አልኩ። ይህን ያህል ብቻ። ስለት የሚነሣው እንዲህ ነው ወይ? አላውቅም። ቄስ አልጠየቅሁም፤ ጊዜ ያለኝ መስሎኝ ነበር።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ማክሰኞ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ መጠበቂያው ግቢ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። «አባዬ፣ ና ውሰደን» አለኝ ናሆም። ድምፁ የሕፃን ድምፅ ነበር። ከፊቴ ሦስት ታክሲ ብቻ ነበር የቀረኝ፤ ተራዬን ትቼ ወጣሁ። ስደርስ ሜዳው በር ላይ ያ ሁሉ ግዙፍ ሰው ዕቃውን በጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ይዞ አስፋልቱ ዳር ተቀምጧል። ለሊጉ ገንዘብ ያፈስስ የነበረው ሀብታም እጁን ሰብስቧል። ሊጉ በሙሉ፣ በየከተማው፣ በዚያ ጠዋት ፈርሷል። ወቅቱ እንኳ አላለቀም። ለማንም አስቀድሞ የነገረ የለም፤ አሠልጣኙም ከስልኩ ነው ያነበበው። ናሆምንና ማርከስን ጭኜ ሆቴሉ ስንደርስ የማርከስ ሚስት ልጆቹንና ሻንጣውን ይዛ አዳራሹ ውስጥ ቆማለች። ክፍሉን ልቀቁ ተብለዋል።

ሁሉንም ጭኜ ወደ አውቶቡስ ጣቢያ ነዳሁ። ትንሿ ልጅ ናሆም ጭን ላይ ተኝታለች። ማርከስ ከፊት ከእኔ ጎን ጉልበቱን አጥፎ ተቀምጧል። «ምን አደረግን?» አለ፤ ማንንም አልነበረም የጠየቀው። ከኋላ ናሆም፣ «ምንም አላደረግንም» አለ። እኔ መሪውን አጥብቄ ይዣለሁ። ስንደርስ ማርከስ ሻንጣዎቹን አውርዶ፣ ጎንበስ ብሎ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። «ናሆም ጸሎትህ ይሰማል ይላል። እባክህ ለእኛም ጸልይልን» አለኝ። እሺ አልኩት። በሕይወቴ ለብዙ ሰው ብዙ ምክር ሰጥቻለሁ፤ ያን ቀን ከእሺ በቀር የምለው አልነበረኝም።

ናሆም ሳምንቱን እኛ ቤት አልጋው ላይ ተኝቶ ከረመ። ከፋሲካ በኋላ ተነሥቶ ትምህርት ቤቱ ጋ ደወለ፤ ቦታው አለ። እታገኝ በደስታ አለቀሰች። እኔ የንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። «አባታችን፣ የተሳልኩት አንድ ልጅ እንዲወጣልኝ ነው። የወጣው ግን ስንትና ስንት ሰው ነው። በመጨረሻም ቆይ ብዬው ነበር። አሁን ስለቱ ደርሷል ይባላል?»

መስቀላቸውን እያገላበጡ አሰቡ። «ቃልህን ሰጥተሃል፤ ጃንጥላውን አስገባ» አሉኝ። «ሊጉን ያፈረሰው ግን ገብርኤል ነው ብለህ እንዳታወራ። ሀብታም ገንዘቡን ለመሰብሰብ መልአክ አያስፈልገውም።»

«እንግዲያው ገብርኤል ካላደረገው ለምን አስገባለሁ?»

«ይሄን እንኳ እኔም አላውቅም» አሉኝ። እርሳቸው አላውቅም ሲሉ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማኋቸው።

የሐምሌ ገብርኤል ዕለት ጃንጥላውን ይዤ ሄድኩ። ቀይ ከፋይ ነው፤ ዙሪያው ባለ ወርቅ ዘርፍ። ስለት የሚያስገባ ሰው ስለቱን በወረቀት ጽፎ ለዲያቆኑ ይሰጣል፤ ዲያቆኑ በድምፅ ማጉያው ለሕዝቡ ያሰማል፤ ሴቶች እልል ይላሉ። እኔ «ለቤተሰቤ ጤና» ብዬ ጻፍኩ። ሐሰት አይደለም፤ እውነትም አይደለም። ሰው ልጁን ውሸት ነውር ነው እያለ አሳድጎ፣ ውሸቱን ወደ ቤተ መቅደስ ይዞ ሲገባ እንዲህ አለሳልሶ ነው የሚይዘው። ዲያቆኑ ጃንጥላው ተዘርግቶ ይታይ አለ፤ እኔ ብዘረጋው የሰው ራስ ስለምነካ፣ «ናሆም፣ አንተ ረጅም ነህ፣ ና ያዝ» ተባለ። ልጄ መጣና ከፍ አድርጎ ዘረጋው። ከሥሩ ሁለታችን ቆምን። ቀይ ጥላው ፊቱ ላይ ወደቀ። ዲያቆኑ ወረቀቱን ማንበብ ሲጀምር ልቤ እምቢ አለኝና እጁን ያዝኩት። ማጉያውን ተቀበልኩ።

«ልጄ ከአሜሪካ ኳስ እንዲወጣልኝ ተስዬ ነበር» አልኩ። «ወጥቶልኛል—»

እልልታው ቤቱን ሞላው። እታገኝም ከሴቶቹ መካከል አለች፤ እርሷ ብቻ አፏን ይዛለች። እኔ ግን አልጨረስኩም ነበር። «ሌሎቹም አብረው ወጡ። ልጆች ያሏቸው ሰዎች። ይህን አልጠየቅሁም፤ ይቅር በለኝ» አልኩ። የሰማ የለም። እልልታው ገና አልበረደም። ከጃንጥላው ሥር ከቆመው በቀር የሰማ የለም።

ናሆም ጃንጥላውን ቀጥ አድርጎ ይዞ እስከ መጨረሻው ቆመ። መጠበቅ ያውቃል።

ፓርኪንጉ ጋ ስንደርስ የመኪናዬን ቁልፍ ከኪሴ አወጣሁ። ናሆም ከኋላዬ ቆሞ፣

«ሶ፣ አንተ ነህ ያባረርከን» አለኝ።

«አላውቅም።»

«ማርከስ ያውቃል?»

«አያውቅም። ጸልይልኝ ብሎኛል።»

መኪናው ላይ ተደግፎ ጫማውን አየ። ይቆጣል ብዬ ተዘጋጀሁ፤ ቢቆጣ መብቱ ነው። «እኔም ተስዬ ነበር» አለኝ። «ያኔውኑ፣ ታኅሣሥ። እዚሁ።»

«ምን ብለህ?»

«አባዬ መጥቶ ሲጫወት ይየኝ ብዬ። አንድ እስር ጧፍ።» ቁልፉን ከእጄ ወስዶ በሩን ከፈተልኝ። «አንተ የመጣህ ማግስት፣ እሑድ አስገባሁ።»

እንግዲህ አንድ መልአክ፣ በአንድ ወር፣ ከአንድ ቤት ሁለት ስለት። ሁለቱንም ሰማ። ወይም አንዱንም አልሰማም፤ እኔን ያስኬደኝ እታገኝ፣ ሊጉን ያፈረሰው ሀብታሙ ነው። ስንት ዓመት አወጣሁ አወረድኩ፤ መጽሐፍም አገላበጥኩ። ናሆም ዛሬ ካልቨር ሲቲ ፋርማሲስት ነው፤ የሚገባውን አግኝቷል እላለሁ። ማርከስ ሁለት ዓመት ቋሚ ሥራ ሳያገኝ ቆየ፤ አሁን ትምህርት ቤት ውስጥ ኳስ ያሠለጥናል፤ የልጆቹን ፎቶ በየገናው ለናሆም ይልክለታል። አንዱን ሳስብ አመሰግናለሁ፤ ሌላውን ሳስብ ምስጋናው አፌ ላይ ይቆማል።

ቅዳሜ ከፀጉር ቤቱ ወጥቼ ለናሆም ደወልኩለትና ስለ ጃኬቱ ነገርኩት። ፋርማሲው ውስጥ ሌላ ስልክ ይጮሃል፤ አላነሣውም። «ጥቁር ክር ነበረው?» አለኝ። የለውም አልኩት። «ኦኬ» አለኝ፤ ቀጥሎም፣ «ሐምሌ ገብርኤል አልረሳሁም። እኔ ነኝ የምይዘው» አለኝ። ያችን ጃንጥላ በየዓመቱ እርሱ ነው የሚይዛት። እኔ አጠገቡ፣ ከሥሯ እቆማለሁ። ሌላው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አየዋለሁ። እኔ መልአኩን ምንም አልጠይቅም።